የኳስ ሜዳው እንግሊዝኛ፦ የእግር ኳስ ቃላት ፍችና አመጣጥ ለቋንቋ ትምህርት ያላቸው ጥቅም

፩. መግቢያ

በመቀሌ ከተማ ከትምህርት ሰዓት በኋላ፣ በትምህርት ቤት ግቢም ሆነ በየሠፈሩ በሚገኝ ባዶ ቦታ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ ያዳመጠ ሰው ብዙ የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰማል። «ጎል»፣ «ኮርነር»፣ «ፔናሊቲ»፣ «ኦፍሳይድ»፣ «ፋውል»፣ «ፓስ» የሚሉት ቃላት ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ባለ ሕፃን አፍ ሳይቀር ይነገራሉ። እነዚህን ቃላት ለልጆቹ ያስተማራቸው የቋንቋ መምህር አይደለም። ጨዋታው ራሱ፣ ራዲዮና ቴሌቪዥን፣ ታላላቅ ወንድሞቻቸውም ናቸው ያስተማሯቸው።

ይሁን እንጂ እነዚሁ ልጆች መማሪያ ክፍል ገብተው ያንኑ ቃል በመጽሐፍ ሲያገኙት ብዙ ጊዜ አያውቁትም። በሜዳ «ማች» ሲባል ግጥሚያ መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ፣ የፈተና ወረቀት በ«ሀ» ረድፍ ያለውን በ«ለ» ረድፍ ካለው ጋር «ማች» አድርግ ብሎ ሲያዘው ግራ ይጋባል። «ጎል» መረብ የሚነካ ኳስ ነው ብሎ ያደገ ልጅ፣ የትምህርቱ «ጎል» ይህ ነው የሚል ዐረፍተ ነገር ሲያነብ ቃሉ ባዕድ ይሆንበታል። የጎደለው ቃሉ አይደለም፤ የቃሉ ሙሉ ፍች ነው።

ይህ ጉዳይ በትግራይ ዛሬ የተለየ ክብደት አለው። በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከወጣ ወዲህ በክልሉ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በትግርኛ ሲሰጥ፣ እንግሊዝኛ በዚያው ደረጃ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጥና ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ራሱ የማስተማሪያ ቋንቋ ይሆናል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነት ተጀመረ። ትምህርት እንደገና በስፋት የተጀመረው በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው። በዚህ የተነሣ ዕድሜያቸው ከክፍላቸው የቀደመ፣ የእንግሊዝኛ መሠረታቸውም የተቋረጠ ተማሪዎች በየክፍሉ ይገኛሉ። መምህሩ ከእነርሱ ጋር ሲጀምር ከባዶ እንዳይጀምር፣ አስቀድመው ምን ይዘው እንደ መጡ ማወቅ ይኖርበታል። ይዘውት ከመጡት ነገር አንዱ የኳስ ሜዳው እንግሊዝኛ ነው።

፪. ጨዋታውና ቃላቱ የመጡበት መንገድ

ኢትዮጵያ የራሷ የሆነ ጥንታዊ የኳስ ጨዋታ አላት። የገና ጨዋታ ጫፉ በቆለመመ ዱላ ሩር የተባለችውን ኳስ እየመቱ የሚጫወቱት የልደት በዓል ጨዋታ ነው። ጨዋታው ከሕዝቡ መካከል የበቀለ በመሆኑ ቃላቱም የሕዝቡ ናቸው። እግር ኳስ ግን ከውጭ የገባው ከነሕጉና ከነስያሜው በመሆኑ የባዕድ ቃላትን አስከትሎ መጥቷል።

በእንግሊዝ አገር ኳስ በእግር የመምታት ጨዋታ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው። በመጀመሪያ ደረጃውን የጠበቀ ሕግ አልነበረውም፤ የአንድ መንደር ሕዝብ ከሌላው መንደር ሕዝብ ጋር በየመንገዱ የሚጋፋበት ሁከት የበዛበት ጨዋታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1314 የለንደን ከንቲባ በከተማው ውስጥ እንዳይካሄድ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሶ ነበር። ጨዋታው ዛሬ የሚታወቅበትን መልክ መያዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1863 በለንደን የእግር ኳስ ማኅበር ተቋቁሞ አንድ ወጥ ሕግ ከጻፈ በኋላ ነው። ማኅበር በእንግሊዝኛ «አሶሲዬሽን» ይባላል። «ሶከር» የሚለው የጨዋታው ሌላ ስም የተገኘው የኦክስፎርድ ተማሪዎች ይህን ረጅም ቃል ቆርጠው፣ ከመካከሉ አንዲት ክፍል ወስደው፣ በዘመኑ ልማዳቸው «ኧር» የሚል ድምፅ ስለ ጨመሩበት ነው። ስለዚህ «ሶከር» ብዙዎች እንደሚገምቱት አሜሪካ የፈጠረችው ቃል ሳይሆን ከእንግሊዝ ተማሪዎች የወጣ ነው።

በኢትዮጵያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ወዲያው የጣሊያን ወረራ ስለ ተከተለ የጨዋታው ቋንቋ ከጣሊያንኛም ተቀብሏል። «ማልያ» የሚለው የተጫዋቾች ልብስ ስም የጣሊያንኛ ነው። «ካልቾ» በአማርኛ በእግር መምታትን ሲያመለክት፣ በጣሊያንኛ ምቱንም የእግር ኳስ ጨዋታውንም ይጠራል፤ ሥሩም ተረከዝ የሚል ፍች ያለው የላቲን ቃል ነው። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን ከመሠረቱት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአፍሪካን ዋንጫ አሸነፈች። ጨዋታው በሕዝብ ዘንድ እየተወደደ በሄደ መጠን በረኛ፣ ግብ ጠባቂ፣ አጥቂ፣ ተከላካይ፣ አምበል፣ የማዕዘን ምት፣ ፍጹም ቅጣት ምት የሚሉ አገርኛ ስያሜዎች በጋዜጠኞችና በተመልካቾች አንደበት ጸኑ። የእንግሊዝኛዎቹ ግን አልጠፉም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ለትምህርት የሚጠቅመውም ይህ ጎን ለጎን መኖራቸው ነው፤ ተማሪው ሁለቱን ማነጻጸር ይችላልና።

፫. የቃላቱ ፍችና አመጣጥ

ሀ. ሜዳንና ወሰንን የሚያመለክቱ

«ጎል» በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ በ14ኛው መቶ ዓመት ብቅ ሲል ወሰን ወይም ዳርቻ ማለት ነበር። በ16ኛው መቶ ዓመት የሩጫ መድረሻ፣ ከዚያም ኳስ የሚገባበት ስፍራ ሆነ። ኋላም አንድ ሰው ሊደርስበት የሚፈልገው ዓላማ ማለት ሆነ። አማርኛ «ግብ» በሚለው ቃሉ ይህንኑ ድርብ ፍች ይዟል፤ ተጫዋቹ ግብ ያገባል፣ የዕቅድ ሰነዱም ግቡን ይዘረዝራል። በትግርኛም «ሸቶ» የሚለው ቃል በሜዳም በዕቅድም ያገለግላል። እንግዲህ የመቀሌ ተማሪ ሐሳቡን በገዛ ቋንቋው ያውቀዋል፤ የሚቀረው «ጎል»ም እንዲሁ መሆኑን የሚነግረው ሰው ብቻ ነው።

«ኮርነር» በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን ሥሩ ቀንድ የሚል ፍች ያለው የላቲን ቃል ነው። የአንድ ነገር ማዕዘን እንደ ቀንድ ሾሎ ስለሚወጣ በዚያ ተሰየመ። ይህን የሰማ ተማሪ «ኮርነር» የምቱ ስም ሳይሆን ምቱ የሚመታበት ቦታ ስም መሆኑን ይረዳል፤ የክፍሉን፣ የጠረጴዛውንና የመንገዱንም ማዕዘን በዚሁ ቃል መጥራት ይችላል።

«ኦፍሳይድ» ከሁለት ቃላት የተጣመረ ነው። «ሳይድ» ወገን ወይም ጎን ሲሆን «ኦፍ» ከአንድ ነገር መራቅን ያመለክታል፤ ሲጣመሩ ከወገን ተነጥሎ መገኘት ማለት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1863 በወጣው ሕግ ከኳሱ ቀድሞ ወደ ተቃራኒው ግብ የተጠጋ ተጫዋች ሁሉ ከጨዋታ ውጭ ነበር። በ1866 በተጫዋቹና በግቡ መስመር መካከል ቢያንስ ሦስት ተቃራኒዎች ካሉ እንዲፈቀድለት ተደረገ፤ በ1925 ቁጥሩ ወደ ሁለት ዝቅ አለ። ሕጉ ሲለዋወጥ ቃሉ አልተለወጠም።

«ሻምፒዮን» ሜዳ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ በመጀመሪያ ወደ ሜዳ ወጥቶ የሚዋጋ ሰው ማለት ነበር። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በየዕለቱ የሚጠራው «ካምፓስ» የተገኘው ከዚያው ከሜዳው ቃል ነው። የከተማዋ ክለብ መቀሌ 70 እንደርታ በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮን ሲሆን፣ በስታዲየሙ የተሰማው ቃልና በዩኒቨርሲቲው በር ላይ ያለው ቃል የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ያሰበ ጥቂት ነው። «ሊግ»ም ማሰር ከሚል የላቲን ግስ በጣሊያንኛ በኩል የመጣ ሲሆን በስምምነት የተሳሰሩ ወገኖች ማለት ነው። ክለቡ ከጦርነቱ የተነሣ ለዓመታት ከሊጉ ውጭ መቆየቱን የሚያስታውሱ ተማሪዎች፣ ሊግ መተሳሰር መሆኑን ሲሰሙ ፍቹ በቀላሉ አይጠፋቸውም።

ለ. ሰዎችን የሚያመለክቱ

«ቲም» በጥንታዊ እንግሊዝኛ ዘር፣ ትውልድ ማለት ነበር። ቀጥሎ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ እንስሳትን የሚጠራ ሆነ፤ ኋላም አብረው ለሚሠሩ ሰዎች ዋለ። የአማርኛው «ጥማድ»፣ የትግርኛውም «ጽምዲ» የሚያሳየው ይህንኑ ሥዕል ነው። ሁለት በሬዎች እኩል ካልሳቡ እርሻው እንደማይቀና የሚያውቅ የገበሬ ልጅ፣ «ቲም» ምን ማለት እንደሆነ ከማንም የተሻለ ይረዳል።

«ማች» ጥንት ጓደኛ፣ እኩያ ማለት ነበር። ግጥሚያ «ማች» የተባለው እኩያ ከእኩያው ጋር ስለሚጋጠም ነው፤ በፈተና ወረቀት ላይም ተስማሚውን ከተስማሚው ጋር ማገናኘት ማለት ነው። በአማርኛ «ግጥሚያ» እና «መግጠም» የሚሉት ቃላት ተመሳሳይ ዝምድና ስላላቸው፣ መምህሩ ይህን ካመለከተ ተማሪው የፈተናውን ትእዛዝ ዳግመኛ አይስተውም።

«ሬፈሪ» ጉዳይ የሚቀርብለት ሰው ማለት ነው፤ «ሪፈር» ከሚለው፣ ወደ ሌላ ማስተላለፍን ከሚያመለክተው ግስ የወጣ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ዳኛ ያቀርብ ነበርና ሁለቱ ካልተስማሙ ጉዳዩ ከሜዳው ውጭ ወደ ቆመው ሦስተኛ ሰው ይመራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 ይህ ሦስተኛ ሰው ወደ ሜዳው ገብቶ ዋና ዳኛ ሆነ። ሐኪም በሽተኛን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ሲልክ «ሪፈር ጻፈ» የሚባለውም ከዚሁ ቃል ነው።

«ኮች» ለመምህራን ልዩ ትርጉም አለው። ቃሉ የሃንጋሪ መንደር ከሆነችው ከኮች የተገኘ ነው፤ በዚያ ይሠራ የነበረው ሠረገላ በመንደሯ ስም ተጠራ። እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ የኦክስፎርድ ተማሪዎች ለፈተና የሚያዘጋጃቸውን አስጠኚ በጨዋታ ቃል «ኮች» አሉት፤ እንደ ሠረገላ ተሸክሞ ፈተናውን ያሻግራቸዋልና። ወደ ስፖርት የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ስለሆነም ቃሉ አሠልጣኝን ከመጥራቱ በፊት መምህርን ይጠራ ነበር።

ሐ. ሕግንና ቁጥርን የሚያመለክቱ

«ፋውል» በጥንታዊ እንግሊዝኛ የበሰበሰ፣ የቆሸሸ ማለት ነው። ንጹሕ ያልሆነ ጨዋታ በዚሁ ተጠራ። በመጽሐፍ «ፋውል» የተባለ አየር ወይም ውኃ ሲገኝ ክፉ ሽታ ያለው ማለት ነው።

«ፔናሊቲ» ቅጣት ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። ሕመም የሚል ፍች ያለው «ፔይን» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃልም ከዚያው ሥር ተገኝቷል። የፍጹም ቅጣት ምት ወደ ጨዋታው ሕግ የገባው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። በውልና በሕግ ጽሑፎች ግን «ፔናሊቲ» ማንኛውም ቅጣት እንጂ ምት አይደለም።

«ስኮር» ከጥንታዊ የሰሜን አውሮፓ ቋንቋ የመጣ ሲሆን በእንጨት ላይ የሚፈለፈል የቁጥር ምልክት ማለት ነበር። ሃያ ቁጥርም በዚሁ ቃል ይጠራል፤ በቆዩ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች «ስኮር» ሃያ ማለት ሆኖ ይገኛል።

«ፓስ» እርምጃ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው። ኳስ ሲቀበል፣ ፈተና ሲታለፍ፣ ጊዜ ሲያልፍ በሁሉም ማለፍ አለበት። «ድሮው» ደግሞ የመጀመሪያ ፍቹ መሳብ ነው፤ እርሳስ በወረቀት ላይ ስለሚሳብ መሥመር መሥራትና ሥዕል መሣል በዚህ ቃል ተጠሩ። ተማሪው በሜዳ የሚያውቀው አቻ መውጣትን ብቻ ስለሆነ፣ በሒሳብ ትምህርት ሦስት ማዕዘን «ድሮው» አድርግ ሲባል ሌላ ቃል ይመስለዋል።

፬. በክፍል ውስጥ አጠቃቀሙ

ከላይ የተዘረዘረው ዕውቀት ለመምህሩ ጌጥ ሆኖ እንዳይቀር በሥራ ላይ የሚውልበት ቀላል መንገድ አለ። በመጀመሪያ ተማሪዎቹ በጨዋታ ጊዜ የሚናገሯቸውን ቃላት ራሳቸው ይጠራሉ፤ መምህሩም በሰሌዳ ላይ እንደ አነጋገራቸው በግዕዝ ፊደል ይጽፋል። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ቃል በሜዳ ምን እንደሚያመለክት በትግርኛ ያስረዳሉ። ሦስተኛ፣ መምህሩ ቃሉን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ፣ ከሌላ የትምህርት ዓይነት መጽሐፍ ቃሉ የሚገኝበትን አንድ ዐረፍተ ነገር ያቀርብና ፍቹን እንዲገምቱ ያደርጋል። አራተኛ፣ የቃሉን አመጣጥ በሁለት ወይም በሦስት ዐረፍተ ነገር ይነግራቸዋል። በመጨረሻም ተማሪዎቹ በቃሉ ሁለት ዐረፍተ ነገር፣ አንዱን ስለ ጨዋታ ሌላውን ስለ ትምህርት ይጽፋሉ።

በዚህ ዓይነት በአንድ ክፍለ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቃላት ቢታዩ ይበቃል። ሥራው አዲስ መጽሐፍ ወይም መሣሪያ አይጠይቅም። በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል ቢሰጥ ወደ ዘጠነኛ ክፍል የሚደረገውን ሽግግር ያግዛል። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም የመምህሩን መምሪያ ሲያዘጋጁ፣ በጨዋታ የሚታወቁና በልዩ ልዩ የትምህርት ዓይነቶች በሌላ ፍች የሚመጡ ቃላትን ለይተው ቢያመለክቱ የመምህሩ ድካም ይቀንሳል።

፭. ጥንቃቄ የሚሹ ነጥቦች

አንደኛ፣ የቃል አመጣጥ የቃሉን የዛሬ ፍች አይተካም። «ኮች» ከሠረገላ ቢመጣም ዛሬ አሠልጣኙን ሠረገላ የሚለው የለም። አመጣጥ ፍችን ለማስታወስና ለማስፋት የሚረዳ እንጂ ለመወሰን የሚያገለግል አይደለም።

ሁለተኛ፣ በድምፅ የተመሳሰሉ ቃላት ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም። ክብሪት በእንግሊዝኛ «ማች» ቢባልም ግጥሚያ ከሆነው «ማች» ጋር የሥር ግንኙነት የለውም። ጥፋት የሆነው «ፋውል» እና ዶሮን የሚያመለክተው «ፋውል» በድምፅ አንድ ሆነው በፊደል ይለያያሉ። እንዲሁም የ«ኮርነር» ሥር የሆነው የላቲን ቃል «ኮርኑ» ከግዕዙ «ቀርን» እና ከትግርኛው «ቀርኒ» ጋር መመሳሰሉ ዐይን ይስባል። ሦስቱም ቀንድ ማለት ናቸው። ሆኖም ዝምድና ስለመኖሩ የቋንቋ ሊቃውንት አንድ አቋም ላይ ስላልደረሱ፣ መምህሩ ተመሳሳይነቱን ለማስታወሻ ሊጠቀምበት ይችላል፤ እንደ ተረጋገጠ ዝምድና ግን ሊያስተምረው አይገባም።

ሦስተኛ፣ ኳስ የማይጫወቱ ተማሪዎች በትምህርቱ ውስጥ እንግዳ እንዳይሆኑ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሜዳው ለወንዶች ብቻ በተተወበት ትምህርት ቤት ሴቶች ተማሪዎች ቃላቱን የሰሙት ከዳር ሆነው ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የቃላቱ ዝርዝር ከሩጫ፣ ከመረብ ኳስና ከሌሎች ጨዋታዎች በሚገኙ ቃላት መስፋት አለበት።

፮. ማጠቃለያ

የመቀሌ ልጅ በሜዳ የሚጠራው የእንግሊዝኛ ቃል ግማሽ ዕውቀት ነው። አጠራሩንና አንዱን ፍች ይዟል፤ ሰፊውን ፍች፣ ፊደሉንና ዘመዶቹን አልያዘም። መምህሩ ቃሉን «ይህ የኳስ ቃል ነው» ብሎ ከክፍል ውጭ ቢተወው ግማሹ ዕውቀት ግማሽ ሆኖ ይቀራል። ተቀብሎ ቢያሟላው ግን ተማሪው ያውቀው በነበረው ቃል ወደማያውቀው ይሻገራል።

ትምህርት በተቋረጠባቸው ዓመታት መጻሕፍት ተዘግተው ነበር። እነዚህ ቃላት ግን በልጆቹ አንደበት ቆይተዋል። ትምህርት ቤቱ ልጆቹን መልሶ ሲቀበል፣ ይዘውት የመጡትንም ቃል አብሮ መቀበል ይገባዋል።